ነፍሰ ጡር፣ ግራ እግሯ አብጧል፤ ብሽሽትና ጉልበት ላይ ግን ክሎት (የረጋ ደም) አልታየም

ራጅ ክፍል፣ ጅማ ዞን
ሰላም ባልደረቦች። የ8 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ግራ እግሯ ከታፋዋ ጀምሮ አብጧል፣ ቀኙ ደህና ነው። በአልትራሳውንዱ ሊኒየር ፕሮብ (ቀጥ ያለው መመርመሪያ) ብሽሽቷንና ከጉልበቷ ጀርባ ስንጫን ቬይኑ (ደም መላሹ) ሙሉ በሙሉ ይጣበቃል። «ዲቪቲ (በጥልቅ ቬይን ውስጥ ክሎት) የለም» ብለን እንጻፍ? ወይስ ወደ ጅማ ከመላካችን በፊት እዚሁ የሚታይ ነገር አለ?

ዶፕለር
እንደዚያ አትጻፉ። በእርግዝና ታፋን ጨምሮ ግራ እግር ብቻውን ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኢሊያክ ቬይን (ከብሽሽት በላይ፣ ዳሌ ውስጥ ያለው) ነው። በግራ በኩል የቀኙ ኢሊያክ አርተሪ (ደም ወሳጅ) በላዩ ያልፍበታል፣ ማህፀኑም ይጫነዋል። ብሽሽት ላይ መጫን እዚያ አይደርስም።

ኮመን ፌሞራል ቬይኑን (ብሽሽት ላይ ያለውን) በርዝመቱ ያዙና ፐልስ ዶፕለር (ፍሰቱን በሞገድ የሚያሳየውን) ክፈቱ፤ አንግሉ ከ60 ዲግሪ አይብለጥ። ፒአርኤፉን (የፍጥነት ስኬሉን የሚወስነውን) እና ዎል ፊልተሩን (ቀስ ያለ ፍሰትን የሚያስቀረውን) ዝቅ አድርጉ። ስኬሉ ለአርተሪ እንደተስተካከለ ከቀረ ቀስ ያለው የቬይን ፍሰት አይመዘገብም፣ «ፍሰት የለም» ተብሎም ይጻፋል። በእርጋታ ስትተነፍስ ሞገዱ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ቀኙንም በዚሁ ሴቲንግ አንሱ። ቀኙ እየተለዋወጠ ግራው ዝርግ ሆኖ ከቀጠለ ከላይ መንገዱን ያጠበበ ነገር አለ። በጀርባዋ ተኝታ ከሆነ ግን ማህፀኑ ብቻውን ይህን ሊያመጣ ስለሚችል በግራ ጎኗ አስተኝታችሁ ድገሙት። ከዚያ በኮንቬክስ ፕሮብ (ጥልቀት በሚያሳየው ጥምዙ)፣ ከለር ዶፕለር ከፍታችሁ፣ ቬይኑን ከብሽሽት በላይ የቻላችሁትን ያህል ተከተሉት።

ሶኖ ጅማ
ኮምፕረሽኑም (በፕሮብ መጫኑም) በሁለት ቦታ አይቁም፤ ከብሽሽት እስከ ጉልበት በየ2 ሴንቲ ሜትሩ፣ ፕሮቡን አግድም ይዛችሁ ጫኑ። አጠገቡ ያለው አርተሪ ትንሽ ቅርጹን ሲለውጥ ግፊቱ በቂ ነው። አዲስ ክሎት እንደ ደሙ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ «ውስጡ ባዶ ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ግድግዳዎቹ መገናኘታቸው ነው። ከጉልበት በላይ ቬይኑ ጠልቆ ሲያስቸግር ሌላው እጃችሁ ከታፋው ሥር ወደ ፕሮቡ ይግፋ።

«ሱፐርፊሻል ፌሞራል» (ላይኛው የታፋ ቬይን) የሚለውን ስም ደግሞ ሪፖርት ላይ እባካችሁ ተዉት። ጥልቅ ቬይን ነው፤ ስሙን አይቶ ሕክምና የሚተው ሐኪም አለ።

ራጅ ክፍል፣ ጅማ ዞን
እናመሰግናለን። ዲ-ዳይመር (ለክሎት የሚታየው የደም ምርመራ) ይረዳን ይሆን?

ዶፕለር
በ8ኛ ወር ክሎት ባይኖርም ከፍ ይላል፣ አይለይላችሁም።

ዋርድ ሐኪም
ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነና የደም መፍሰስ ስጋት ከሌላት ሄፓሪኑ (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ) ምርመራ አይጠብቅ። የእንግዴ ልጁን አያልፍም፤ ዋርፋሪን (ለዚሁ የሚዋጠው መድኃኒት) ግን ያልፋል፣ አትስጡ። ኢኖክሳፓሪን (የሄፓሪን ዓይነት) ካለ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ነው። የመጨረሻው መርፌ የተሰጠበት ሰዓት ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ምጥ ቢመጣ ለጀርባ ማደንዘዣ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት።

ሪፖርቱ «ከብሽሽት እስከ ጉልበት ክሎት አልታየም፤ ኢሊያክ ሙሉ በሙሉ አልተመረመረም» ይበል። ዶፕለሩም ደህና ከሆነና እብጠቱ ካልጎደለ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ይደገማል። ከሩቅ ወረዳ የመጣች ከሆነች እስከዚያ ጅማ የምታርፍበት ዘመድ እንዳላት አሁኑኑ ጠይቋት።