ክርክር፦ የውሃ ጂን ተረት ለድሬ ልጆች ይጻፍ ወይስ ይቅር?

የከዚራው፦ ለሰፈራችን ልጆች የተረት መጽሐፍ ላዘጋጅ ነው። የወንዝ ጂንና የቀትር ጋኔን ይግቡበት ስል ወላጆች ለሁለት ተከፈሉ። ልጆቻችን የሚያውቁት በካርቱን ያዩዋትን ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችውን ቆንጆ ብቻ ነው። አያቶቻችን የሚያወሩትን ማን ይንገራቸው? እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የመጋላው አባት፦ ይቅር ወንድሜ። ጂን ለእኛ ተረት አይደለም፤ በቁርኣን የተነገረ ፍጡር ነው። የልጅ መጫወቻ መሆን የለበትም። የኔዋ ትንሽ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማች ማታ ብቻዋን ደጅ አትወጣም።

መምህሩ፦ እኔ ደግሞ ባይጻፍ ይቆጨኛል። የምሥራቅ አውሮፓ ስላቮች ሩሳልካ የሚሏት የውሃ መንፈስ አለቻቸው፤ በብዙ ቦታ ውሃ የበላት ወጣት ሴት ነፍስ ናት ይባላል። የ16ኛው ክፍለ ዘመኑ ሐኪም ፓራሴልሰስ የውሃ መናፍስትን ኡንዲን አላቸው፤ ሰው ካላገቡ ነፍስ የላቸውም ብሎ። የፋንታሲ ደራሲዎች እስከ ዛሬ ከዚህ ይቀዳሉ። እኛም እኮ አለን! ሔዋን ከ30 ልጆቿ ያማሩትን 15ቱን ከፈጣሪ ደበቀች፤ ስውር ሆነው ቀሩ፤ ዛር የሆኑት እነሱ ናቸው ይባላል። ይሄ ስንት ልቦለድ ይወጣዋል!

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ ይጻፍ። ግን አቦ፣ ወንዛችንን ደቻቱን አታሳምሩብን። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ግን በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በላ። እዚህ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ውሃው ድንገት ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ የጭቃ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። አያቴ ያንን ድምፅ «ጂኑ እየጮኸ ነው፣ ውጡ!» ትለን ነበር።

የመጋላው አባት፦ እኅቴ፣ ያለቀው ሰው ወገናችን ነው። ስለዚህ ጎርፍን ጎርፍ በሉት። ጂን ነው የተባለ ሰው ዕጣዬ ነው ብሎ ቁጭ ይላል።

የደቻቱ ዳር ልጅ፦ አባቴ፣ እኛ ቁጭ አላልንም። ጂኑ ጮኸ ስንባል ኳሱን ጥለን ነው የምንሮጠው። ስለ ደጋ ዝናብ ቢያስረዱን ማን ይሰማል? የከዚራው፣ አደራህን፣ ስትጽፈው ልጆቹ ወዴት እንደሚሮጡም ጻፍ። ወንዙን ለመሻገር አይሞክሩ፤ ባሉበት በኩል ወደ ከፍታው ይውጡ።