ኮምፒውተርን ለፊዚክስ ማስተማሪያነት ስለመጠቀም

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ቢኖሩትም ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ባለመሆኑ፣ ተማሪዎቹ ጽሑፍ ከመተየብ ያለፈ ጥቅም አላገኙባቸውም። ለትምህርቱ እንዴት ልጠቀምባቸው?

መልስ 1፦ መምህር፣ ስለ ኮምፒውተር መማርና በኮምፒውተር መማር የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በፌት (PhET) ፕሮጀክቱ ያዘጋጃቸው በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች በነፃ የሚገኙ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ተማሪው በስክሪኑ ላይ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አገናኝቶ ቮልቴጁን ሲጨምር፣ አምፖሉ ሲደምቅና የአሚተሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያው) ንባብ ከፍ ሲል ያያል።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት (በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚሰጠውን ትምህርት) አንርሳ። የሳተላይት ሥርጭቱ ጥያቄ ያለውን ተማሪ ሳይጠብቅ ስለሚያልፍ፣ መምህሩ ራሱ ተመልካች ይሆን ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመሞከራቸው በፊት ግምታቸውን በደብተራቸው ይጻፉ፤ ግምቱና ውጤቱ ሲለያዩም ምክንያቱን እርስዎ ያወያዩ።

መልስ 3፦ ኮምፒውተሩ ካነሰ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡና ማውሱን በየተራ ይያዙ።