ከማዱራይ እስከ ራሜሽዋራም፦ አረጋዊት እናትን ይዞ በመኪና ለመጓዝ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ መምህር ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ በአዳማ የምኖር መምህር ስሆን፣ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ያስተማረ አንድ ሕንዳዊ ባልደረባዬ የሥራ ውሉ አብቅቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ይህ ሰው እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሆስፒታል አብሮኝ ያደረ፣ ባረፈችም ጊዜ ድንኳን ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ያጽናናኝ ወዳጄ ነው። አሁን ደግሞ የእርሱ እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋና ጉልበታቸውን ክፉኛ የሚያማቸው ሴት፣ በደቡብ ሕንድ በማዱራይ ከተማ የሚገኘውን የሚናክሺ የተባለችውን የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ ተሳልመው፣ ሌላ ታላቅ ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ራሜሽዋራም ደሴት የመሄድ የቆየ ስእለት ስላለባቸው፣ እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዞ አብረናቸው እንድንሆን ጋብዞናል። ጉዞው ከጥምቀት በዓል በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ወይስ ማደር ያስፈልጋል? መኪና ተከራይቼ ራሴ ብነዳ ወዳጄን ከድካም አሳርፈው ይሆን? ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን እኛ ኦርቶዶክሳውያን ክርስቲያኖች መሆናችን ነው። ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዤ ላግዛቸው እፈልጋለሁ፤ ይሁን እንጂ የማላምንበትን እንደሚያምን ሰው ሆኜ መታየት አልሻም፣ የእነርሱንም ሥርዓት መድፈር አልፈልግም። እዚያ የኖራችሁ ወይም መንገዱን የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ በማዱራይ የተማረ

መምህር፣ ለትምህርት በማዱራይ ስለኖርሁና ይህን መንገድ ከሕንዳውያን ጓደኞቼ ጋር ስለተመላለስሁበት የማውቀውን ልጻፍልዎ። ርቀቱ 170 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል አርሲ ነገሌ ከመድረስ ብዙም አይለይም። መንገዱ ማናማዱራይን፣ ፓራማኩዲንና ራማናታፑራምን አቋርጦ ማንዳፓም ላይ ከባሕሩ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም በፓምባን ድልድይ ወደ ደሴቲቱ ይሻገራል። ሳይቸኩሉ ቢሄዱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃዎታል። ስለዚህ ርቀቱ አያሳስብዎት፤ ውጥንዎን የሚወስኑት ቤተ መቅደሶቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሰዓት እንዲሁም የሴትዮዋ ጉልበት ናቸው።

ሁለቱም ቤተ መቅደሶች ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ ይከፈቱና እኩለ ቀን ላይ ይዘጋሉ። የማዱራዩ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ተዘግቶ 10 ሰዓት ላይ ሲከፈት፣ የራሜሽዋራሙ 7 ሰዓት ገደማ ተዘግቶ 9 ሰዓት ላይ ይከፈታል። በበዓላት ይህ ስለሚለዋወጥ ወዳጅዎ አስቀድሞ ያጣራ። በአንድ ቀን ደርሰው ለመመለስ የሚሞክሩ ሰዎች ቁርስ በልተው ይነሡና ራሜሽዋራም በሩ ሊዘጋ ሲል ይደርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የጠራራ ፀሐይ በባዶ እግራቸው ግቢው ውስጥ ያሳልፋሉ። ለወጣትም ይከብዳል።

እኔ እንዲህ ባደርግ እመርጣለሁ። ማዱራይ የደረሳችሁ ዕለት እስከ 10 ሰዓት ዐርፋችሁ፣ ሚናክሺን በማታ ተሳለሙ። ቤተ መቅደሱ 14 የግንብ በሮች ያሉት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚረዝመው የደቡቡ ግንብ 52 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከእግር እስከ ራስ በአማልክት፣ በእንስሳትና በሰዎች ቅርጽ የተሸፈነና በልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ ነው። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ይላል፤ በበሮቹ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶችም የጃስሚን አበባ በክር እየሰኩ በክንድ እየለኩ ይሸጣሉ። ባለቤትዎ አበባውን ገዝተው ለሴትዮዋ ጸጉር ቢሰጧቸው እንደ ልጅ ይቆጥሯቸዋል። ስልክ ይዞ መግባት እ.ኤ.አ. በ2018 በግቢው ውስጥ ከደረሰው ቃጠሎ ወዲህ የተከለከለ ስለሆነ፣ ስልካችሁን ሆቴል ትታችሁ ብትሄዱ ከሰልፍ ትድናላችሁ።

በማግስቱ ቁርስ በልታችሁ ወደ ራሜሽዋራም ተጓዙና ቀኑን እዚያ ዐርፋችሁ እደሩ። የስእለቱ ዋና ክፍል የሚፈጸመው በሦስተኛው ቀን ንጋት ነው። ምእመናኑ መጀመሪያ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ባለው አግኒ ቲርታም በሚባለው ባሕር ይጠመቃሉ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብተው በ22 የተቀደሱ ጉድጓዶች ውሃ በተራ ይታጠባሉ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆሙ ሰዎች ባልዲውን በገመድ ጥለው ይቀዱና በተሰለፈው ሰው ራስ ላይ ያፈስሱታል። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ሁልጊዜም እርጥብ ነው። ከዚያም እርጥቡን ልብስ ለውጠው ወደ መቅደሱ ይገባሉ። እንደ እምነታቸው ንጉሡ ራማ በላንካ ካደረገው ጦርነት ሲመለስ ሺቫ የተባለውን አምላክ ያመለከበት ስፍራ ይህ ነው፤ ከሕንድ አራት ታላላቅ የመሳለሚያ ስፍራዎችም አንዱ ነው። ባድሪናት፣ ድዋርካና ፑሪ የቀሩት ናቸው።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ሂንዱ ያልሆነ ሰው በሁለቱም ቦታ ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይገባም፤ ውጭውን ግን ማየት ይፈቀድለታል። ይህ ለእርስዎ የሚያቀለው ነገር አለ፤ ከመግባትና ካለመግባት መካከል መምረጥ አይጠበቅብዎትም። የሚያከብደውም አለ። ሴትዮዋን ይዤ አግዛለሁ ያሉት እጅግ መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ድጋፍ አብልጠው በሚሹበት ቦታ፣ ማለትም በሰልፉ መጨረሻና በመቅደሱ ደጃፍ፣ እርስዎ ውጭ ይቀራሉ። ወዳጅዎ ብቻውን እናቱን፣ ልብሱንና የመባውን ዕቃ ይዞ አይሆንለትም። ከዘመዶቻቸው አንዲት ብርቱ ሴት ካሁኑ ተነግሯት አብራ ትምጣ፤ ልብስ በመለወጥም የምታግዛቸው እርሷ ናት።

መልስ፦ የጉዞ አስተባባሪ ከሐዋሳ

ወንድሜ በማዱራይ የተማረው በጻፈው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ እኔ ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄዱ ቤተሰቦችን ጉዞ ስለማዘጋጅ ጥቂት ልጨምር። መኪናውን እርስዎ እንዲነዱ ፈጽሞ አልመክርም። በሕንድ በግራ በኩል ነው የሚነዳው፤ መሪውም በቀኝ ነው። ዕድሜ ልኩን በቀኝ መሥመር የነዳ ሰው ሲደክመው ወይም ሲደነግጥ እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል፤ አደባባይና መታጠፊያ ላይ ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የለም። በዚያ አገር መኪና ከነሾፌሩ መከራየት የተለመደ ነው። ኢኖቫ የሚሏት ቶዮታ ለእናንተ ቁጥር ትበቃለች፤ ወለሏ በጣም ከፍ ስለማይል ጉልበት ለሚያመውም ትመቻለች። ኪራዩ በኪሎ ሜትር ይታሰብና የሾፌሩ የቀንና የአዳር አበል፣ እነርሱ ባታ የሚሉት፣ ለብቻው ይጨመራል። የመንገድ ክፍያውና የማቆሚያው በማን ላይ እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ።

ሰዓት ስትቀጣጠሩ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ብቻ ተነጋገሩ። የእነርሱ አምስት የእኛ 11 ነው፤ በዚያ ላይ ሕንድ ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ንጋት ላይ ለመነሣት የተያዘ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ቀኑን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ጥር የዚያ አካባቢ ሕዝብ የሆኑት ታሚሎች ታይ ከሚሉት ወር ጋር ይገጣጠማል። በዚያ ወር ጨረቃ በምትሰወርበት ዕለት፣ ታይ አማቫሳይ በሚሉት ቀን፣ ለሞቱ ወላጆቻቸው ሥርዓት የሚፈጽሙ እጅግ ብዙ ሰዎች ራሜሽዋራምን ያጥለቀልቋታል። ሴትዮዋ ስእለታቸው ለባለቤታቸው ወይም ለወላጆቻቸው መታሰቢያ ከሆነ ያንኑ ቀን ሊመርጡት ይችላሉ፤ ያኔ ምርጫው የእርሳቸው ነው፤ እናንተም በግፊያው ውስጥ የምትቆሙበትን ስፍራ ቀድማችሁ ታዘጋጃላችሁ። ካልሆነ ግን ከዚያ ቀን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ራቁ። ልጃቸው የሚያውቀው ቢመስለውም እንኳ እናቱን ራሳቸውን ይጠይቃቸው።

መልስ፦ ነርስ፣ አዳማ

ወንድሜ መምህር፣ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የመጀመሪያው ለእርስዎና ለባለቤትዎ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከመድረሳችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ የተወሰደ መሆን አለበት። ካርዱ የሌለው ሰው ተለይቶ እንዲቆይ ሊደረግ ይችላል። ከዚህ ቀደም ተከትባችሁ ከሆነ ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የት እንዳስቀመጣችሁት ዛሬ ፈልጉት።

ሁለተኛው ስለ እናት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በመኪና ውስጥ እግሩን አጥፎ ሦስት ሰዓት ከተቀመጠ ሲወርድ መቆም ያቅተዋል። የፊት ወንበር ለእርሳቸው ይሁን፤ በየሰዓቱ ገደማ አውርዳችሁ ጥቂት አራምዷቸው። ሃያ ሁለቱንም ጉድጓድ በእርጥብ ድንጋይ ላይ መዞር የሚጠይቀውን አስቡና፣ በተሽከርካሪ ወንበር መግባት ይቻል እንደሆነ ልጃቸው ቀድሞ ይጠይቅ። በማግስቱ ረጅም ጉዞ ማድረግ አይገባም፤ ከሥርዓቱ በኋላ ያለው ቀን ለእንቅልፍ ይተው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በባዶ ሆድ ንጋት ላይ ባሕር ውስጥ መግባታቸውን ሐኪማቸው ይወቀው።

ጠያቂ፦ መምህር ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ። ወዳጄን ዛሬ አነጋግሬው የእኅቱ ልጅ አብራን እንድትሄድ ተስማምተናል፤ መኪናውም ከነሾፌሩ ይሆናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ከመቅደሱ የሚወጣ ምግብ ወይም በግንባር የሚቀባ አመድ ቢሰጠን ምን ማድረግ ይገባናል? ረቡዕና ዓርብስ ምን እንበላለን?

መልስ፦ በማዱራይ የተማረ

ስለ ምግቡና ስለ አመዱ ለንስሓ አባትዎ ሳይነግሩ አይሂዱ፤ እኔ በዚህ ላይ ልፈርድልዎ አልችልም። እኔ ያደረግሁትን ግን ልንገርዎ። ለጓደኞቼ እምነቴ እንደማይፈቅድልኝ ከጉዞው በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ በጸጥታ ነገርኋቸው። ስፍራው ላይ ሲሰጠኝ ሁለት እጄን አጋጥሜ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፤ ጓደኛዬም ስለ እኔ ተቀበለው። ማንም ቅር አላለውም። የሚያስቀይመው በሕዝብ ፊት ድንገት ፊትን ማዞር ነው። ለሴትዮዋም አስቀድሞ ልጃቸው ያስረዳቸው፤ በእጃቸው ሊሰጧችሁ የሚፈልጉት እርሳቸው ናቸውና።

ለጾም ግን ከዚህ የተሻለ አገር አያገኙም። ኢድሊ ከሩዝና ከጥቁር ምስር ተቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነው፤ ሳምባሩም የምስር ወጥ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከቅቤና ከእርጎ ሲሆን፣ አስተናጋጁን «ነይ ቬንዳም» ብትሉት ቅቤ እንደማትፈልጉ ይረዳችኋል። ልብስን በተመለከተ የባለቤትዎ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ይበቃል፤ እርስዎም ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

ራሜሽዋራም በምታድሩበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሴትዮዋ ተኝተው ሳለ፣ ወደ ዳኑሽኮዲ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 የደረሰው ማዕበል ከተማዋን ከነባቡሯ ጠርጎ ስለወሰዳት ዛሬ የቤተ ክርስቲያንና የባቡር ጣቢያ ፍራሽ ብቻ ነው የሚታየው፤ መንገዱም ሁለቱ ባሕሮች ከሚገናኙበት ጫፍ ላይ ያበቃል። ከመምሸቱ በፊት መንገዱ ስለሚዘጋ 9 ሰዓት ላይ ብትነሡ ይደርሳል። ጥላ የለም፤ የሚጠጣ ውሃና ባርኔጣ ያዙ፤ ሴትዮዋ ለማታው ጸሎት ሳይነሡም ተመለሱ።