ሙዝል ብሬክ፦ መልኩ ወይስ ሥራው?

ጥያቄ፦ የ.308 ጥይት ለሚተኩሰው ጠመንጃዬ ሙዝል ብሬክ (አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ የተኩሱን ጋዝ ወደ ጎን እያወጣ ትከሻን የሚመታውን ምት የሚቀንስ ዕቃ) ልገዛ ነው። አንዱ ቀጭን ነው፤ ከአፈሙዙ ጋር ልክክ ስለሚል ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሌላው በየጎኑ ሦስት ትልልቅ ቀዳዳ አለው፣ ጫፉ ላይ እንደ እባጭ ጉብ ይላል። ትከሻዬን የሚያሳርፈው ግን እሱ ነው። የቱን ልውሰድ?

መልስ 1፦ ወፍራሙን! ጋዙ የሚያርፍበት ግድግዳ ሲሰፋ ምቱ ይቀንሳል። እኔ በመልክ መርጬ ቆጭቶኛል። ተኝቼ ስተኩስ የታችኛው ቀዳዳ አቧራውን አንስቶ የማነጣጠሪያ መነጽሩን መስታወት አለበሰብኝ። ከሥሩ ድፍን ይሁን።

መልስ 2፦ ጆሮህንም አስብ። ብሬክ ድምፁን ወደ አንተና አጠገብህ ወዳለው ሰው ይመልሰዋል። የጆሮ መሰኪያ ላይ ጆሮን የሚሸፍን መከላከያ ደርብበት።

ጠያቂው፦ አሁን አየሁት፣ ከሥሩ ድፍን ነው። ወፍራሙን አዘዝኩ።

መልስ 1፦ ጎሽ! ስትገጥመው ቀጥ ማለቱን እይ፤ ከዘመመ ጥይቱ ይነካዋል።