ከመስኮቱ የተመለሰ መድኃኒት «የደረሰ» ነው ወይስ «ሊደርስ የነበረ»?

ፋርማሲስቷ፣ ደሴ
የመድኃኒት ስሕተት መዝገባችንን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወርን ነው። የምንከተለው ፋየር የተባለውን የጤና መረጃ መስፈርት ሲሆን፣ የጎጂ ክስተት ቅጹ ባዶ የማይታለፍ አንድ ቦታ አለው፦ ክስተቱ በእርግጥ ደርሷል ወይስ ሊደርስ ይችል ነበር?

ሰኞ ዕለት፣ ከገበያ መልስ የመጡ አንዲት እናት አሞክሲሲሊን ታዘዘላቸው። ቆጥሬ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጥላቸው የዘረጉትን እጅ መለስ አድርገው «ልጄ፣ ፊቴን ካሳበጠው ከፔኒሲሊን ጋር ዘመድ አይደለም?» አሉኝ። ካርዳቸውን ብገልጠው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

በዚያው ሳምንት አንድ አባት የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ታዞላቸው 10 ተሰጣቸውና ሁለት ቀን ዋጡት። ግፊታቸው ሲለካ ደህና ነው። ባልደረባዬ «ማንም አልተጎዳም፤ ሁለቱም ሊደርስ የነበረ ነው» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

የመረጃ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ ልክ ነሽ። የእናትየዋ ሊደርስ የነበረ፣ የአባትየው የደረሰ ነው። መስፈርቱ ራሱ ይህ ቦታ ከጉዳት ጋር እንደማይያያዝ በግልጽ ይናገራል፤ የክብደቱና የውጤቱ መመዝገቢያ ለየብቻው ነው። እኛ የሐረጎን ዳገት አሻግረን ወደ እናንተ የምንልካቸው ሕሙማን መዝገባቸውም አብሯቸው ይሄዳል። የዋጡት ኪኒን እንዳልተዋጠ ሆኖ ከተጻፈ፣ የሚቀበላቸው ሐኪም በምን ያውቃል?

አንጋፋ ነርስ
በመጀመሪያ ክስተቱን ምን ብለሽ ሰየምሽው? «የተሳሳተ እደላ» ካልሽው እደላው ተፈጽሟልና የደረሰ ይሆንብሻል። «የማይስማማ መድኃኒት መውሰድ» ካልሽው ግን ለጥቂት የተረፈ ነው። ስሙ ላይ ሳትስማሙ ምርጫው ላይ ብትከራከሩ አትግባቡም። እኔ በሕመምተኛው ላይ በሚሆነው ነገር ብትሰይሙት እመርጣለሁ። ደግሞም ለጥቂት የተረፈውን እንደ ቀላል አትዩት፤ ነገ የሚያገኘን እሱ ነው።

ፋርማሲስቷ፣ ደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን አስተካክዬ ሁለቱን ለይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፋየር አምስተኛ እትም ክስተቱን ያስቀረው እርምጃ የሚጻፍበት ቦታ እንዳለውም አየሁ፤ የእናትየዋን ጥያቄ እዚያ አስገባዋለሁ። ያዳነቻቸው ያቺ ጥያቄ ናትና።

አሁን የቸገሩኝ የቆዩት ወረቀቶች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ «ታርሟል» ብቻ ነው ያለው። መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ ይታረም፣ ቤት ከተወሰደ በኋላ ይታረም፣ የጻፈ የለም።