ልጅ ይዞ አዲስ አበባ ለሚገባ፦ መሃል ከተማ አንድ ክፍል ወይስ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም?

ሠላም ከሐዋሳ፦ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ ሥራ ተዛውሮ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ልንገባ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሜክሲኮ ነው፣ እኔም እዚያው አካባቢ ሥራ እያፈላለግኩ ነው። ልጃችን አራት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፣ መስከረም ላይ ኬጂ ትጀምራለች። ለኪራይ የቆረጥነው በወር 20 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ በላይ አንችልም። እሱ «ልደታ ወይ ሳር ቤት አንድ ክፍልም ቢሆን እንያዝና ለሥራ እንቅረብ» ይላል። እኔ ደግሞ ልጄ እዚህ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ የምትውል ናት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ልዘጋባት አልፈልግም፤ ቱሉ ዲምቱ ወይ ቦሌ አራብሳ በዚሁ ብር ሰፋ ያለ ኮንዶሚኒየም ታገኛላችሁ ብለውኛል። ቤታችን በዚህ ጭቅጭቅ ሆኗል። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትይዙ ነበር? «እንደ አቅምሽ» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ።

አቤል ጀሞ፦ ባልሽ ልክ ነው፣ ክርክርም የለው። ቱሉ ዲምቱ እየኖሩ ሜክሲኮ መሥራት ማለት ልጅን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ማየት ነው። ጠዋት ሳትነቃ ትወጪያለሽ፣ ማታ ተኝታ ታገኛታለሽ። ታዲያ ሰፊው ሳሎን ለማን ነው? ለሞግዚቷ? እኔ ያለሁት ጀሞ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ አንጻር ጀሞ እንደ መሃል ከተማ ነው፣ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፉን አይተሽ ፍረጂ። ዝናብ የጣለ ቀንማ ባትጠይቂኝ ይሻላል።

የናቲ እናት፦ አቤል፣ ለመሆኑ ልጅ አለህ? እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ሥራዬ ደግሞ ሳሪስ ነው። ከዚህ በፊት ቄራ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። የልጁ ኳስ የብረት በሩን በነካ ቁጥር አከራያችን መጋረጃ ገልጣ ታያለች። ምንም አትናገርም፣ ታያለች ብቻ። ልጄ መኪናውን ወለል ላይ ሲነዳ እንኳ «ቀስ ብዬ ነው እማዬ» ማለት ለመደ። በሦስት ዓመቱ! እዚህ ከመጣን ወዲህ ከጎረቤት ልጆች ጋር ብሎካችን ስር ሲርመሰመስ ይውላል፣ ሲርበው የሚቀርበው ቤት ገብቶ ይበላል፣ ማታ ጎትቼ ነው የማስገባው። ለሥራ ቅርብ መሆን ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ የሚኖረው ታክሲ ውስጥ አይደለም፣ ቤት ነው።

ችግሩ ውሃ ነው፣ አልዋሽሽም። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ተራሽ የደረሰ ቀን ሌሊትም ቢሆን ተነስተሽ ባልዲውንም ጀሪካኑንም ትሞያለሽ። ላይኛው ፎቅ ከሆንሽ ግፊቱ ስለማይደርስ ከታች ተሸክሞ ማውጣት አለ፣ ሊፍት የለም። ልጅ ታቅፈሽ፣ ጀሪካን ይዘሽ አራተኛ ፎቅ አስቢው። ስለዚህ ከመጣሽ ከሁለተኛ በላይ እንዳትይዢ። መሬት ላይ ያለውን ስትይዢም ጎንሽ ያለው ሱቅ ምን እንደሆነ እይ፤ ግሮሰሪ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ ነው።

አቤል ጀሞ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ እህቴ። አንቺ ሳሪስ ነው የምትሠሪው፣ እሷ ሜክሲኮ ናት። ሰው ከራሱ ሥራ ቦታ ተነስቶ ሲመክር ነው ነገር የሚበላሸው።

ባለ ላዳ፦ እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፣ ላስታርቃችሁ። ለምን ሁለት ቦታ ብቻ ታወዳድራላችሁ? ባቡሩን አስቡት እንጂ። ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ፣ በስታዲየም፣ በሜክሲኮ፣ በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይገባል። የሠላም ባለቤት ሜክሲኮ ከሆነ የሚሠራው መሪ ወይ አያት ሆኖ ያለ ምንም ቅያሪ በር ላይ ይወርዳል። ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም እዚህ ከተማ፣ በቅያሪ ነው የሚለካው። አንድ መስመር ከሆነ ሩቅም ቅርብ ነው፣ ሦስት ቦታ ወርደህ የምትሳፈር ከሆነ ግን ቅርቡም ሩቅ ነው።

ሚጡ፦ ባለ ላዳ፣ ባቡሩን መጨረሻ የተሳፈርከው መቼ ነው? በ2008 ሲጀምር 41 ነበሩ፣ ዛሬ ግማሹም የሚሠራ አይመስልም፣ ሲመጣ ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ ነፍሰ ጡር ሆኜ ሲኤምሲ ላይ ሁለት አሳልፌ ሦስተኛው ላይ ነበር የምገባው። ለአዋቂ እሺ። ልጅ ይዞ ግን ጠዋት አይሞከርም።

ባለ ላዳ፦ ልጅቷን ሜክሲኮ ማን ውሰዳት አለ? ኬጂዋ ሰፈሯ ይሁን ነው የምለው።

ነርሷ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣችሁ። ሁላችሁም የምትቆጥሩት የእናትና የአባትን መንገድ ነው። ኬጂ የሚለቀው 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ባልሽ ከቢሮ የሚወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ መንገዱ አለ። በዚህ መሃል ልጅቷ ማን ጋር ናት? ሠላም፣ ስለ ሰፈር ከማሰብሽ በፊት ይሄን መልሺ። ሐዋሳ እናትሽ ወይ እህትሽ አጠገብሽ ይኖሩ ይሆናል፣ እዚህ ማንም የለሽም። ሞግዚት ብትይ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የት ትተኛለች? ተመላላሽ ከሆነች ደግሞ እሷም ታክሲ ትጠብቃለች፣ አንቺ ካልደረስሽ መሄድ አትችልም፣ በሁለተኛው ወር «እትዬ እየመሸብኝ ነው» ብላ ትወጣለች። ሰፊ ቤት ከያዝሽ ሠራተኛዋ የምታድርበት አለ፣ ግን ልጅሽን ከማታውቂያት ሰው ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ትተሽ፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር ለመድረስ የግማሽ ቀን ፈቃድ በሚያስፈልግሽ ቦታ ነሽ።

እኔ የማየው ደግሞ ሌሊቱን ነው። ልጅ የሚታመመው ሌሊት ነው፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም እንደዚያ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ትኩሳቷ ሲነሳ ራይድም ፈረስም ጠርተሽ እዚያ ዳር ለመምጣት የሚስማማ ሹፌር እስክታገኚ ያለው ሰዓት ረጅም ነው። ልደታ ከሆንሽ ጥቁር አንበሳ አፍንጫሽ ስር ነው። ለክትባትና ለቀላል ነገር ጤና ጣቢያ የትም አለ፣ ለሌሊቱ ግን ቦታ ይለያያል።

ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል። የባልሽ ቢሮ ካለው፣ አራት ዓመት የሆናትን ይቀበሉ እንደሆነ አሁኑኑ ይጠይቅ። ቢቀበሉ ኬጂውን እዚያው አካባቢ አድርጋችሁ ከሰዓት ማቆያው ትገባለች፣ ከዚያ ማታ ከአባቷ ጋር ትመለሳለች። ክርክሩ በዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

ቤቲ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኛ እዚህ ሜሪላንድ ቤት ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው ትምህርት ቤቱን ነው፣ ልጅሽ የምትማርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት በአድራሻሽ ነው የሚወሰነው። የአዲስ አበባው እንደዚያ አይደለም መሰለኝ፣ ግን ሐሳቡ ይሠራል፦ ኬጂውን መጀመሪያ ምረጪ፣ ቤቱን ከኬጂው በእግር በሚደረስበት ክብ ውስጥ ፈልጊ።

አቤል ጀሞ፦ ቤቲ፣ እዚህ ቤት የሚገኘው ደላላ ያሳየሽ ቦታ ነው እንጂ ክብ የሳልሽበት ቦታ አይደለም። በዚያ ላይ ገና ሳታናግሪው «ልጅ አላችሁ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄው። አለን ስትዪ ቤቱ ድንገት «ተይዟል» ይሆናል። መንግሥት ይሄን ነው በሕግ መከልከል የነበረበት።

እማማ ሳሪስ፦ ልጆቼ፣ እኔ አከራይ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ ጡረታዬ አይበቃኝም፣ በእነሱ ነው የምኖረው። አቤል እንደሚለው ልጅ ጠላት ሆኖብን አይደለም። ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ ውሃ በሮቶ ነው፣ ልጅ ያለው ቤት በየቀኑ ያጥባል፣ ሮቶው ለሁለት ቀን የታሰበው በአንድ ቀን ያልቃል፣ ከዚያ ወንደላጤው ተከራይ እኔን ይጨቀጭቃል። ደረጃው ላይ ልጅ ቢወድቅ ደግሞ የማን ጥፋት ነው? እናቷ ሥራ ናት፣ ሞግዚቷ ስልክ ላይ ናት፣ ተጠያቂዋ እኔ ልሆን ነው። በሕግ ብታስገድዱኝ ማከራየቱን እተወዋለሁ፣ ያኔ ያቺ ክፍልም ትቀርባችኋለች።

የናቲ እናት፦ እማማ፣ አክብሬዎታለሁ፣ ግን ይሄ መልስ አይደለም። ውሃው ካነሰ በውሃው ላይ ይደራደሩ፣ ተጨማሪ ያስከፍሉ። «ልጅ ያለው አይገባም» ሲሉ ግን ከሁሉም በላይ ቤት የሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው በር የሚዘጉበት። እርስዎም ልጆችዎን ያሳደጉት በኪራይ ቤት ይሆናል።

እማማ ሳሪስ፦ በቀበሌ ቤት ነው ያሳደግኋቸው የኔ ልጅ። በ20 ብር ኪራይ። ያን ጊዜና ይሄን ጊዜ አታወዳድሪ።

ዮናስ፦ ሕግ ሲነሳ ላስታውሳችሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው፣ አከራዩም በፈለገው ጊዜ መጨመር አይችልም። ልጅ ላለው ሰው ይሄ ከማንም በላይ ይጠቅማል። ኬጂ አስገብተሽ፣ ልጅቷ ጓደኛ አፍርታ፣ በስድስተኛው ወር «ወንድሜ ከውጭ ሊመጣ ነውና ልቀቁ» ሲሉሽ ትርምሱ የእናንተ ብቻ አይደለም። «ውሉን ወረዳ ሄደን እናስመዝግብ» ስትያቸው ፊታቸው የሚለዋወጥ አከራዮች አሉ፣ ያኔ ሌላ ቤት ፈልጊ።

ሚጡ፦ ዮናስ፣ በወረቀት ደስ ይላል። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ፊት አዋጅ ብታነቢ ቤቱን ለቀጣዩ ሰው ይሰጠዋል። እምቢ ለማለት ሌላ ቤት መኖር አለበት። ለደላላው ደግሞ ከዚያ ላይ ጨምረሽ ትከፍያለሽ።

ዮናስ፦ እሱ እውነት ነው፣ ግን ስላልተጠቀምንበት ነው የማይሠራው። ሌላ ነገር ልጨምር። መሃል ከተማ ያረጀ ግቢ ውስጥ የምትከራዪ ከሆነ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ይነሳ እንደሆነ ወረዳው ሄደሽ ጠይቂ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲነሱ ተከራዩ ነው መጀመሪያ ሜዳ ላይ የቀረው። ባለቤቱ ካሳም ምትክም ይከራከራል፣ ተከራይ ዕቃውን ነው የሚጭነው። ኮንዶሚኒየም ቢያንስ ከዚህ ስጋት ይሻላል፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ብትገኝ ሁለታችሁንም ታስማማለች።

አቤል ጀሞ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም በ20 ሺህ? ስቱዲዮ ካገኘሽም ዕድለኛ ነሽ።

ሠላም ከሐዋሳ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ነርሷ ያለችው ከምሽቱ ጀምሮ ራሴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ማቆያውን ጠየቀ፣ አላቸው ግን እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የሚቀበሉት። እኔም ሥራ ከያዝኩ ከ9 ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ክፍት ነው። ልደታና ሳር ቤት አካባቢ ተጨማሪ ተከፍሏቸው ልጅ እስከ ማታ የሚያቆዩ ኬጂዎች አሉ ወይ? ካሉ የባለቤቴን ሐሳብ እቀበላለሁ፣ ከሌሉ አልቀበልም። ግልጽ ነው አይደል?

ሚጡ፦ አሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን መሃል ከተማ ያሉት ሠራተኛ እናቶች ስለሚበዙባቸው ብዙዎቹ እስከ 11 ተኩል ያቆያሉ። ስትጠይቂ «ታቆያላችሁ ወይ» ብቻ አትበይ። በዚያ ሰዓት ማን አብሯቸው እንዳለ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ስንት ልጅ እንደሚቀር ጠይቂ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሳይጠብቁሽ ሂጂና እይ። አንዳንዱ ጋ ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት ደርድረው ጥበቃው ነው የሚያያቸው።

የናቲ እናት፦ እሺ ኬጂው ተገኘ እንበል። ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋው፣ ምድጃው፣ ልብሱ፣ ልጅቷና ሞግዚቷ። እኔ ቄራ እያለሁ ያበቃልኝ ክረምት ላይ ነው እንጂ በበጋውስ ችለነው ነበር።

አቤል ጀሞ፦ ክረምቱን ሐዋሳ አያቷ ጋ ትሂድ! ሁለት ወር ነው። ለሁለት ወር ብለሽ አሥር ወር መንገድ ላይ አትኖሪም።

የናቲ እናት፦ የአራት ዓመት ልጅ ሁለት ወር ከእናቷ ተለይታ? አንተ ልጆችህን ላክ።

አቤል ጀሞ፦ በየዓመቱ ደሴ እልካቸዋለሁ፣ አልቅሰው ነው የሚመለሱት፣ መምጣት አንፈልግም ብለው።

እማማ ሳሪስ፦ ሠላም ልጄ፣ የእነሱ ክርክር አያልቅም። ቤት ልታዪ ስትመጪ ልጅቷን ይዘሻት ነይ። ሰው ሁሉ ልጁን ደብቆ ቤት ያያል፣ ከዚያ ዕቃ በሚያስገባበት ቀን ጠብ ይጀመራል። ደላላ ከመያዝሽ በፊት ደግሞ የሰፈሩን ባለሱቅ ጠይቂ፣ የቱ ቤት ሊለቀቅ እንደሆነ፣ የቷ አከራይ እንደምታስቸግር፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ እሱ ያውቃል። የእኔም አንዷ ክፍል ጥቅምት ላይ ትለቀቃለች። ስለ ሮቶው ከተስማማን እንነጋገር።