ቴስት ኮኔክሽን «ተሳክቷል» ይላል፣ ቴብሎቹ ግን አይታዩም

አዲሷ ሪፖርተር

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ሪፖርት የሚሠራው ቡድን ውስጥ ነኝ። ከሽያጭ ሲስተሙ ዳታቤዝ ማታ ማታ ዳታ እየቀዳ ለሪፖርት ወደምናከማችበት ዳታቤዝ፣ ወደ ዌርሃውሳችን፣ የሚያመጣ የኢንተግሬሽን መሳሪያ አለን። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 15 ነው። መሳሪያው ዶከር ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ዶከር ፕሮግራምን «ኮንቴይነር» በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ ነው። የኮኔክሽን አካውንቱን እንዳስተካክል የተሰጠው ለእኔ ነው።

መጀመሪያ ሆስት በሚለው ቦታ «ሎካልሆስት»፣ ፖርት ላይ 5432 ብዬ አስገባሁ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» አለኝ። ሁለቱም ያሉት አንድ ማሽን ላይ ስለሆነ ግራ ገባኝ። ኋላ የማሽኑን አይፒ ስሰጠው አለፈ። ለምን እንዳለፈ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ አንድ ባልደረባዬ «ሪፖርት ሪደር» የሚል ዩዘር ፈጠረልኝ። ፓስወርዱን አስገብቼ ቴስት ኮኔክሽን ስጫን አረንጓዴ በራና «ተሳክቷል» አለ። ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው ገጽ ሄድኩ። የቴብል ዝርዝሩ ባዶ ነው! ሦስት ጊዜ ሪፍሬሽ አደረግኩ፣ ያው ነው። «ኦርደርስ» የሚለውን ቴብል በእጄ ጽፌ ስጠራው ደግሞ «ፐርሚሽን ዲናይድ ፎር ስኪማ ሴልስ» የሚል ኤረር መጣ። «ሴልስ» ቴብሎቹ ያሉበት ስኪማ፣ ማለትም የዳታቤዙ ክፍል፣ ነው።

ባልደረባዬ «አትድከሚ፣ ዋናውን የፖስትግሬስ ዩዘር አስገቢና ተገላገዪ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እጄ እምቢ አለኝ። ግን ለምን እንደማይሆን ማስረዳት አልቻልኩም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሌሊት ጠባቂ

እህቴ፣ እጅሽ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። ዋናውን ዩዘር አታስገቢ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

የሎካልሆስቱ ነገር ቀላል ነው። ዶከር ውስጥ ያለ ፕሮግራም «ሎካልሆስት» ሲል የራሱን ኮንቴይነር ማለቱ ነው። ኮንቴይነሩ ውስጥ ደግሞ 5432 ላይ የሚያዳምጥ የለም።

ትልቁ ነገር ያ አረንጓዴ መልእክት ነው። ፖስትግሬስ ላይ አዲስ ዩዘር ሲፈጠር ወደ ዳታቤዙ የመግባት መብት፣ «ኮኔክት» የሚባለው፣ በዲፎልት ለሁሉም የተሰጠ ነው። ስለዚህ ቴስቱ የነገረሽ አድራሻውም፣ ስሙም፣ ፓስወርዱም ልክ መሆናቸውን ብቻ ነው። ግቢው ውስጥ ገብተሻል፤ የክፍሎቹ ቁልፍ ግን ገና አልተሰጠሽም።

የጎደለሽ ሁለት ቁልፍ ነው። አንደኛው «ግራንት ዩሴጅ ኦን ስኪማ ሴልስ» ነው፤ ወደ ስኪማው ያስገባል። ሁለተኛው «ግራንት ሴሌክት ኦን ኦል ቴብልስ ኢን ስኪማ ሴልስ» ነው፤ ቴብሎቹን ያስነብባል። ሁለተኛውን ሰጥቶ የመጀመሪያውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ዩሴጅ ከሌለ ሴሌክት ብቻውን ዋጋ የለውም። ኤረሩን እንደገና አንብቢው፦ «ፎር ስኪማ» ይላል። «ፎር ቴብል» ቢል ኖሮ ሴሌክት ጎድሏል ማለት ነበር። ፖስትግሬስ የቱ በር ላይ እንደቆምሽ በትክክል ነው የሚነግርሽ።

ከስሪት 14 ጀምሮ «ፒጂ ሪድ ኦል ዳታ» የሚባል ዝግጁ ሮልም (ለዩዘር የሚሰጥ የመብት ጥቅል) አለ። በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ያስነብባል። እኔ አልመርጠውም። እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ የደመወዝ ቴብል ካለ እሱም አብሮ ይነበባልና።

አሁን ወደ ዋናው ዩዘር ልምጣ። እሱ ሱፐርዩዘር ነው፤ ሱፐርዩዘር የመብት ፍተሻ የሚባል ነገር አይመለከተውም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቦታ መሳሪያው የተያያዘው በሱፐርዩዘር ነበር። አንድ ልጅ አዲስ ጆብ፣ ማለትም ዳታ የሚቀዳ ሥራ፣ ሲሠራ ምንጩንና መድረሻውን አቀያየረ። ሁለቱም ኮኔክሽኖች ስማቸው ስለሚመሳሰል በቀላሉ የሚሳሳቱት ነገር ነው። የመድረሻው ስልት ደግሞ «ያለውን አጥፍተህ ጻፍ» የሚል ነበር። ጆቡ ሄዶ የደንበኞችን ቴብል ባዶ አደረገና በቦታው የሙከራ ዳታ ጻፈበት። አንድም ኤረር አላሳየም። ከባክአፕ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር የጨረስነው። ልጁ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አካውንቱ የማንበብ መብት ብቻ ቢኖረው ኖሮ ያ ጆብ በመጀመሪያው ሰከንድ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይቆም ነበር። ጥፋቱን በልጁ ላይ ያደረጉ ነበሩ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አካውንቱን ያንን መብት ይዞ የተወው ሰው ነው ጥፋተኛ እላለሁ።

ቧንቧ ሠሪ

የሌሊት ጠባቂ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔን ሁለት ቀን የፈጀብኝን አንድ ነገር ልጨምር።

«ኦን ኦል ቴብልስ» የሚለው ዛሬ ላሉት ቴብሎች ነው። ዴቨሎፐሮቹ ነገ አዲስ ቴብል ቢፈጥሩ ለአንቺ አይታይሽም። ለዚህ «ኦልተር ዲፎልት ፕሪቪሌጅስ» የሚባል ትእዛዝ አለ። እኔ በዋናው ዩዘር ገብቼ አስኬድኩት። ምንም ኤረር የለም። አዲሱ ቴብል ግን አሁንም የለም! ነገሩ ሲገባኝ፣ ትእዛዙ የሚሠራው ያስኬደው ዩዘር ራሱ ወደፊት ለሚፈጥራቸው ቴብሎች ብቻ ነው። የእኛን ቴብሎች የሚፈጥረው ደግሞ የአፕሊኬሽኑ ዩዘር ነበር። ስለዚህ «ፎር ሮል» ብለሽ ቴብል የሚፈጥረውን ዩዘር ስም መጥቀስ አለብሽ። መጀመሪያ ዴቨሎፐሮቹን «ማይግሬሽን (ቴብሎቹን የሚፈጥረውና የሚቀይረው ሥራ) የሚሄደው በየትኛው ዩዘር ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው፣ አካውንቱ የማንም ሰው የግል አካውንት አይሁን። አንድ ቦታ መሳሪያው በአንድ ሠራተኛ ስም ተያይዞ አይቻለሁ። ሰውየው ሥራ ለቀቀ፣ አካውንቱ እንደ ደንቡ ተዘጋ፣ በማግስቱ ጠዋት ጆቦቹ ሁሉ ቀይ ሆነው አደሩ። ለመሳሪያው የራሱ ስም ይኑረው። ሎግ እንዲይዝ ከተደረገም ማን ምን እንዳነበበ በግልጽ ይታያል።

አዲሷ ሪፖርተር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዩሴጁን እንደሰጠን ወዲያው 37 ቴብል መጣ! የአፕሊኬሽኑ ዩዘር «ሾፕ ኦነር» የሚባል ሆኖ ተገኘ፤ «ፎር ሮል» ብለን ጠቀስነው። የሙከራ ቴብል አስፈጥሬ አየሁ፣ ይታያል።

ግን ሌላ መጣ። ፓስወርዱን ጠንካራ ይሁን ብዬ ቀየርኩት። አሁን ሌላኛው ጆብ፣ ኮኔክሽኑ በአንድ መስመር ዩአርኤል የሚጻፍበት፣ ሆስቱን አላገኘሁም ይለኛል። ሆስቱን አልነካሁትም። ፎርም የሚሞላበት ጆብ ግን በዚያው ፓስወርድ ይሠራል።

ቧንቧ ሠሪ

ፓስወርድሽ ውስጥ የኢሜይል ምልክቷ «@» አለች አይደል? ዩአርኤል ውስጥ እሷ ፓስወርዱን ከሆስቱ የምትለይ ምልክት ናት። አንዳንዱ መሳሪያ የመጀመሪያዋን ሲያይ ፓስወርዱ አለቀ ብሎ የቀረውን እንደ ሆስት ይወስደዋል። በእሷ ቦታ %40 ብለሽ ጻፊ። «#» ካለም %23 ነው። ፎርሙ ላይ ግን እንዳለ ነው የሚገባው፤ እዚያ %40 ብትጽፊ ፓስወርዱ ስህተት ይሆናል።

የሌሊት ጠባቂ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፖስትግሬስ በዲፎልት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው፤ ከነዚህ 3ቱ ለሱፐርዩዘር የተያዙ ናቸው። መሳሪያሽ ብዙ ቴብል በአንድ ጊዜ እንዲቀዳ ከተደረገ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ሊከፍት ይችላል። ያን ጊዜ ሽያጭ ላይ ያለው ሰው ነው መግባት የሚያቅተው። ለዩዘሩ «ኮኔክሽን ሊሚት 5» ስጪው። መሳሪያው ላይም በአንድ ጊዜ የሚሄዱትን ከ5 በታች አድርጊ፤ አለዚያ ጆቦችሽ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ።

አዲሷ ሪፖርተር

«@» ነበረች፣ %40 ስለው ተከፈተ። ሊሚቱንም 5 አድርገን፣ መሳሪያው ላይ 4 አስገባሁ። ትናንት ማታ 37ቱም ያለ ችግር ገቡ።

የደንበኞች ቴብሉን ታሪክ ለባልደረባዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና በሱፐርዩዘሩ ያያያዛቸው ሌሎች ሁለት ኮኔክሽኖች እንዳሉ ነገረኝ። ሐሙስ አብረን ቁጭ ብለን እንቀይራቸዋለን።